ምድጃውና መንገድ ጠራጊው፦ ቡናማ ስብና ናይትሪክ ኦክሳይድ የተገናኙበት ታሪክ

ጨቅላ ሕፃን 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሞቀው የእናቱ ማሕፀን ወጥቶ በአንድ አፍታ ከክፍሉ አየር ጋር ይጋፈጣል። ገላው እርጥብ፣ ቆዳው ስስ ነው። ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ለብርድ የተጋለጠው ገላው ከትልቅ ሰው እጅግ የሰፋ ነው። ትልቅ ሰው ብርድ ሲመታው ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ጡንቻው በዚያ መንቀጥቀጥ ሙቀት ያወጣል። ጨቅላው ግን እንዲህ መንቀጥቀጥ ገና አይሆንለትም። ቢሆንም ባዶ እጁን አልመጣም። በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱ ዙሪያና በኩላሊቶቹ አጠገብ ትንሽ ምድጃ ይዞ ተወልዷል። የምድጃው ስም ቡናማ ስብ ነው።

“ስብን የሚያቃጥል ስብ አለ” ሲባል ብዙዎቻችን ሰምተናል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝም የልብ ሕሙማን ምላሳቸው ሥር ከሚያኖሩት ኪኒን ጋር፣ ወይም በ1998 ከተሰጠው የኖቤል ሽልማት ጋር አያይዘን እናውቀው ይሆናል። የሁለቱ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ እንደሚጋጠም ግን ብዙም አይነገርም። አንዱ ለዘመናት ሥራው ያልታወቀ አካል ነበር፤ ሌላው መርዝ ተብሎ ብቻ የሚታወቅ ጋዝ። ያገናኛቸው አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ እሳቱስ አለ፤ ማገዶውና አየሩ በየት በኩል ይደርሱታል? ይህ ትረካ የዚያ ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1551 እስከ 1902፦ ስብም ሥጋም ያልሆነው

በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የዙሪክ ከተማ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ የነበረው ኮንራድ ጌስነር በዘመኑ የሚታወቁትን እንስሳት ሁሉ በአንድ ታላቅ ድርሳን ለመሰብሰብ ተነሣ። ከእነዚያ አንዱ በአልፕስ ተራሮች ጉድጓድ ምሶ የሚኖረው ማርሞት ነበር። ማርሞት ከጥንቸል ይገዝፋል፤ ጸጉሩ የደነደነ ነው፤ በረዶው ሲመጣ ጉድጓዱን ዘግቶ የዓመቱን እኩሌታ ያህል ይተኛል። ጌስነር በዚህ እንስሳ ትከሻዎች መካከል አንድ እንግዳ ነገር አየ። በ1551 ባሳተመው መጽሐፉ ስብም አይደለም፣ ሥጋም አይደለም፣ የሁለቱ መካከለኛ ነው ብሎ መዘገበው።

ያየው ነገር በእርግጥም ግራ ያጋባል። ነጩ ስብ ሴሉ በአንድ ትልቅ የቅባት ጠብታ የተሞላ ጎተራ ነው። ቡናማው ግን በየሴሉ ብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች አሉት፤ በጠብታዎቹ መካከልም የሴል የኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያ ታጭቀዋል። ማይቶኮንድሪያ ብረት ያዘሉ ፕሮቲኖች ስላሏቸው ቀለማቸው ይጠቁራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሴል በቀጫጭን የደም ሥሮች ተከቧል። ቡናማነቱ የመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከኃይል ማመንጫዎቹና ከደሙ ነው። መልሱ ገና ከመጀመሪያው በቀለሙ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ የሚያነብበት መሣሪያ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ኀምሳ ዓመታት ግምት በግምት ላይ ተደረበ። አንዳንዶች በደረት ውስጥ ያለው የታይመስ ዕጢ ክፍል ነው አሉ። ሌሎች ደም የሚሠራበት ቦታ መሰላቸው። ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ ነው ያሉም ነበሩ። በረዶውን ተኝተው በሚያሳልፉ እንስሳት ላይ ጎልቶ ስለሚታይ “የእንቅልፍ ዕጢ” የሚለው ስም ጸናበት። በ1902 ጃፓናዊው ሺንኪሺ ሃታይ ተመሳሳዩን አካል በሰው ፅንስ ላይ አገኘ። እንስሳው የሚተኛበት ነገር በማይተኛው ሰው ላይ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተነሥቶ ያለ መልስ ቀረ።

ከ1772 እስከ 1977፦ መርዙ ጋዝና መድኃኒት የሆነው ፈንጂ

ሁለተኛው የታሪክ ጅረት የሚነሣው ከእንግሊዝ ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1772 መዳብን የመሳሰሉ ብረቶችን ከናይትሪክ አሲድ ጋር አገናኝቶ ቀለም የሌለው ጋዝ ሰበሰበ። ጋዙ በብልቃጥ ተዘግቶ ሳለ አይታይም፤ ተራ አየር ሲነካው ግን ወዲያው ወደ ቀይ ቡናማ ጢስ ይለወጣል። ይህ ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፤ አንድ የናይትሮጅንና አንድ የኦክስጅን አተም ብቻ የተጣመሩበት። በኋለኛው ዘመን በመብረቅና በመኪና ጢስ ውስጥ የሚገኝ፣ ሳንባ የሚያቃጥል የአየር በካይ ሆኖ ታወቀ። እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ገላ ራሱ አምርቶ ይጠቀምበታል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ፍንጩ በሌላ በር ገባ። በ1847 ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮ በቱሪን ከተማ ናይትሮግሊሰሪንን ሠራ። ጥቂቱን ምላስ ላይ ማስነካት ብቻ ኃይለኛ ራስ ምታት እንደሚያስከትል ያስጠነቀቀው ሶብሬሮ ራሱ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ አልፍሬድ ኖቤል ይህንኑ ፈሳሽ ገርቶ ዲናሚት አደረገው። በፋብሪካዎቹ የሚሠሩ ሰዎች እሑድ አርፈው ሰኞ ሲመለሱ ራሳቸው ይወቃ ነበር። የደረት ውጋት የነበረባቸው አንዳንዶች ደግሞ ሥራ ላይ ሳሉ ሲሻላቸው፣ ቤት ሲውሉ ይብስባቸው ነበር። በ1879 ለንደናዊው ሐኪም ዊልያም መረል በራሱም ላይ ሞክሮ ናይትሮግሊሰሪን የልብ ውጋትን እንደሚያስታግስ አሳወቀ። ኖቤል በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ወራት ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ የፈንጂ ቅመም ነበር።

መድኃኒቱ የደም ሥርን እንደሚያሰፋ ታወቀ፤ እንዴት እንደሚያሰፋ ግን ለመቶ ዓመት ያህል ምስጢር ሆኖ ቆየ። በ1977 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ፈሪድ ሙራድ ናይትሮግሊሰሪንና ዘመዶቹ በገላ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚለቁ፣ ጋዙም በሴል ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባለውን መልእክተኛ እንደሚያበዛ አሳየ። መልእክተኛው ሲበዛ የደም ሥሩ ጡንቻ ይላላል። ይህን ሳይክሊክ ጂኤምፒ አንባቢ ልብ ይበለው፤ ከቡናማው ስብ ጋር ስንደርስ ተመልሶ ይመጣል።

ከ1961 እስከ 1978፦ የምድጃው ምስጢር ተገለጠ

በ1961 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሚሠራው ሮበርት ስሚዝ ብርድ በለመዱ አይጦች ላይ ባደረገው ጥናት “የእንቅልፍ ዕጢ” የተባለው አካል ሙቀት አምራች መሆኑን አሳወቀ። ከ400 ዓመት በኋላ አካሉ ሥራ ተገኘለት።

ከዚያ በኦክስፎርድ ሁለት ሐኪሞች፣ ማይክል ዳውኪንስና ዴቪድ ሃል፣ ነገሩን በጨቅላዎች ላይ ፈተሹት። የመረጡት አዲስ የተወለደ የጥንቸል ግልገል ነበር፤ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ጸጉር ያላበቀለ፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ። በትከሻዎቹ መካከል ከቆዳው ሥር የሙቀት መለኪያ ሽቦ አኖሩና ክፍሉን አቀዘቀዙት። የቀረው ገላ ሲበርድ በሽቦው ዙሪያ ያለው ስፍራ ከሆድ ዕቃው በላይ ሞቆ ተገኘ። ግልገሉ የሚተነፍሰው ኦክስጅንም ጨመረ። ቡናማው ስብ በቀዶ ጥገና ሲወጣ ግን ያ የኦክስጅን ጭማሪ ከሞላ ጎደል ጠፋ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የታተመው ይህ ሥራ ጨቅላ ሳይንቀጠቀጥ እንዴት እንደሚሞቅ የሚያስረዳ ማስረጃ ሆነ። የሰውን ጨቅላ፣ በተለይም ያለ ጊዜው የተወለደውን፣ አሙቆ የመያዙ ነገር ለምን የሞት የሽረት ጉዳይ እንደሆነ ከዚህ ይገባል። ያለ ጊዜው የመጣ ሕፃን ቡናማ ስቡን አከማችቶ ሳይጨርስ የመጣ ነው።

ስቡ የሚሞቀው በምን ዘዴ ነው? መልሱን ለመረዳት ግድብን ማሰብ ይበቃል። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቼል በ1961 ያቀረበውና በ1978 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ ማይቶኮንድሪያ ምግብን በኦክስጅን ሲያቃጥል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ወዲያ ማዶ ይገፋል። ፕሮቶኖቹ በግድብ እንደተጠራቀመ ውሃ ተመልሰው ሲወርዱ ተርባይን ያዞራሉ፤ ከዚያ የሴሉ ምንዛሪ የሆነው ኤቲፒ ይመረታል። ዴቪድ ኒኮልስ በስኮትላንድ፣ ዳንኤል ሪኪየ በፈረንሳይ፣ ሌሎችም በየቤተ ሙከራቸው በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያገኙት ነገር በቡናማ ስብ ግድብ ላይ ተጨማሪ በር መኖሩን ነው። በሩ በኋላ ዩሲፒ1 የተባለው ፕሮቲን ነው። በሩ ሲከፈት ውሃው ተርባይኑን ሳይነካ ይወርዳል፤ ኃይሉም ሁሉ ሙቀት ይሆናል።

እንዲህ ያለውን ማፍሰስ በኬሚካል በግድ መፍጠር ምን እንደሚያስከትል ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በ1933 በአሜሪካ ዳይናይትሮፌኖል የተባለ ኬሚካል ክብደት መቀነሻ ሆኖ ወጣ። እርሱም በሁሉም የገላ ክፍል ግድቡን ያፈስሳል። ብዙዎች ከሱ፤ ጥቂቶች ዓይናቸው በሞራ ተጋረደ፤ ገላቸው ከውስጥ ግሎ የሞቱም አሉ። ዳኛ የሌለው እሳት ቤቱን ያቃጥላል። በቡናማው ስብ ያለው በር ግን የሚከፈተው ነርቭ ሲያዝ፣ በአንድ ስፍራ፣ በልክ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ልክ ሰጪው ማን ነው የሚል ሆነ።

1978 እና 1979፦ የደሙ ሲሶ

የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያ በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ነው። ዴቪድ ፎስተርና ሎሬይን ፍራይድማን ብርድ የለመዱ አይጦችን ይዘው ቀላል የሚመስል ነገር ለኩ፤ ደሙ የሚሄደው ወዴት ነው? በዓይን የማይታዩ፣ ጨረር የሚሰጡ ጥቃቅን እንክብሎችን ወደ ልብ ለቀቁ። እንክብሎቹ ከደሙ ጋር ተጉዘው በቀጫጭኑ የደም ሥር ላይ ይቀረቀራሉ። እያንዳንዱ የገላ ክፍል የያዘውን እንክብል መቁጠር የደረሰውን ደም መቁጠር ነው።

እስከዚያ ድረስ ብዙ ተመራማሪዎች በብርድ ጊዜ ከመንቀጥቀጥ ውጭ የሚመጣው ሙቀት በዋናነት የጡንቻ ሥራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቆጠራው ሌላ ተናገረ። የብርድ መልእክተኛ የሆነው ኖርአድሬናሊን ሲሰጥ ልብ ከሚረጨው ደም ሲሶው ያህል ከገላው ክብደት እጅግ ጥቂቱን ወደሚይዘው ቡናማ ስብ ጎረፈ። ደሙ ከዚያ ሲወጣ ኦክስጅኑ ተሟጥጦ ነበር። ሁለቱ ሲያሰሉት ከብርድ ለመከላከል ከሚመረተው ከዚያ ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቡናማው ስብ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ቁጥር ጋር አንድ እንቆቅልሽ መጣ። ኖርአድሬናሊን በአብዛኛው የደም ሥርን ያጠብባል እንጂ አያሰፋም። ብርድ ሲመታን ጣቶቻችን የሚገረጡት በእርሱ ሥራ ነው። ታዲያ አንዱ መልእክተኛ በቆዳ ላይ መንገድ እየዘጋ በቡናማ ስብ ላይ እንዴት መንገድ ይከፍታል? በመካከል ሌላ መንገድ ጠራጊ ሊኖር ይገባል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው አህጉር፣ ስለ ስብ ምንም የማያስብ ሌላ ሰው ያንን መንገድ ጠራጊ ሊያገኝ ተቃርቦ ነበር።

ከ1978 እስከ 1987፦ የተፋቀው ሽፋን

ሮበርት ፈርችጎት በኒው ዮርክ ብሩክሊን ለብዙ ዓመታት የጥንቸልን ታላቅ ደም ቅዳ በክር መልክ እየቆረጠ መድኃኒት ሲፈትሽበት ኖሯል። አሴቲልኮሊን የሚባለው መልእክተኛ በሕያው እንስሳ የደም ሥርን ያላላል፤ በእርሱ ገበታ ላይ ያለው ቁራጭ ግን ይኮማተር ነበር። በ1978 ረዳቱ የሙከራውን ቅደም ተከተል ሲያፋልስ ቁራጩ ባልተጠበቀ ሁኔታ ላላ። ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስተሃል ብሎ ያልፈው ነበር። ፈርችጎት ግን ምን እንደተለወጠ አንድ በአንድ መረመረ። ልዩነቱ በጣት ጫፍ ላይ ተገኘ። ቁራጩ ሲዘጋጅ የውስጡ ገጽ ከባዕድ ነገር ጋር ይታሽ ነበር፤ መታሸቱም የደም ሥሩን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍነውን የአንድ ሴል ውፍረት ያለውን ስስ ሽፋን ፍቆ ይጥለዋል። ሽፋኑ ካለ ደም ሥሩ ይላላል፤ ከሌለ አይላላም።

ከዚያ ሁለት ቁራጮችን እንደ ዳቦ አነባበረ፤ አንዱ ሽፋኑ የተፋቀ፣ ሌላው ሽፋኑ ያለ። የተፋቀውም ላላ። ከሽፋኑ ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ1980 ይህን ሲያሳትም የሚሻገረው ምን እንደሆነ አላወቀም፤ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚጠፋ ይዞ ለመመርመር አስቸጋሪ ነበር። በ1986 ፈርችጎትና የሎስ አንጀለሱ ሉዊስ ኢግናሮ፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሳይሆን አይቀርም አሉ። በ1987 በሆንዱራስ የተወለደው ሳልቫዶር ሞንካዳ ከባልደረቦቹ ጋር በእንግሊዝ ጋዙን ለክቶ አረጋገጠ፤ ኢግናሮም በዚያው ዓመት ከዚያው ድምዳሜ ደረሰ። በማግስቱ ዓመት የሞንካዳ ቡድን ገላ ጋዙን የሚሠራው በምግብ ከሚገኘው አርጂኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ እንደሆነ አሳየ። ፕሪስትሊ ያገኘው የተናቀ ጋዝ የገላ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ። የ1998ቱ የኖቤል ሽልማት ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለሙራድ ተሰጠ።

ከ1994 እስከ 1997፦ በአሳሂካዋ የተገናኙት

ሁለቱ ጅረቶች የተገናኙት በሰሜናዊት ጃፓን በሆካይዶ ደሴት ነው። አሳሂካዋ ብርድን ለማጥናት የተፈጠረች ከተማ ትመስላለች። በጃፓን ከተመዘገበው ሁሉ የከፋው ብርድ፣ ከዜሮ በታች 41 ዲግሪ፣ የተለካው በዚያች ከተማ ነው፤ ዓመቱም ሃታይ በሰው ፅንስ ላይ ያየውን ያሳተመበት 1902 ነበር። በከተማዋ የሕክምና ኮሌጅ ኩሮሺማና ባልደረቦቹ ገላ ብርድን እንዴት እንደሚለምድ ለዓመታት አጥንተዋል።

በ1994 ናጋሺማ፣ ኦሂናታና ኩሮሺማ የኦታዋውን እንቆቅልሽ በብሩክሊኑ ቁልፍ ሞከሩት። ለአይጦች ኖርአድሬናሊን ሲሰጡ ወደ ቡናማው ስብ የሚሄደው ደም እንደሚጠበቀው ጨመረ። ከዚያ አርጂኒንን የሚመስል ግን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያሰናክል ኬሚካል አስቀድመው ሰጡ። በዚህ ጊዜ ኖርአድሬናሊኑ ቢመጣም የደሙ ጎርፍ ተገታ። መንገድ ጠራጊው ተገኘ። ኖርአድሬናሊን እሳቱን ይለኩሳል፤ ማገዶና ኦክስጅን የሚያደርሰውን መንገድ የሚከፍተው ግን ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው።

የዚያው ከተማ ተመራማሪዎች በ2002 ደግሞ አይጦች በብርድ ሲቆዩ በቡናማ ስባቸው ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራውን የደም ሥሩን ሽፋን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን እንደሚበረታ አሳዩ። ብርዱ ሲራዘም ገላ መንገዱን በጊዜያዊ ጥርጊያ አይተወውም፤ ያሰፋዋል።

በ1997 ሚላን ላይ ኤንዞ ኒሶሊና ሚኬሌ ካሩባ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ እርምጃ ቀጠሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም በደም ሥሩ ግድግዳ ብቻ ሳይሆን በራሱ በቡናማው የስብ ሴል ውስጥም አለ፤ ኖርአድሬናሊንም ያነሣሣዋል። ሴሉ ደም እስኪመጣለት በዝምታ አይጠብቅም። ራሱ ይጠራል።

ከ1994 እስከ 2003፦ ልጓምና ግንበኛ

ታሪኩ እዚህ ቢቆም ያማረ በሆነ ነበር። ነገር ግን በነዚያው ዓመታት ተቃራኒ የሚመስል ግኝት መጣ። በ1994 በእንግሊዝ የነበሩ ተመራማሪዎች ናይትሪክ ኦክሳይድ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ኦክስጅን ከሚያርፍበት ከመጨረሻው ኢንዛይም ላይ እንደሚቀመጥ አሳዩ። በአንድ ወንበር ሁለት ሰው አይቀመጥም፤ ጋዙ ከተቀመጠ ኦክስጅኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሳቱም ይቀዘቅዛል። በስቶክሆልም በያን ኔደርጎርድ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሳይንቲስቶች ይህንኑ ሽሚያ ከቡናማ ስብ በወጣ ማይቶኮንድሪያ ላይ ለኩ። ኦክስጅን ሲበዛ ጋዙ ይሸነፋል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ጋዙ ይበረታል።

መንገድ የሚከፍተው እሳቱን የሚያዳፍን መሆኑ እንቅፋት ይመስላል። ለኔ ግን ይህ የገላ ጥበብ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ነው። ደሙ በበቂ ሲደርስ ኦክስጅን ይሞላል፤ ልጓሙ ይላላል። ደሙ ሳይበቃ ሲቀር ልጓሙ ይጠብቃል፤ ሴሉ ያለ አየር ከመቃጠል ይድናል። ዳይናይትሮፌኖል ያልነበረው ነገር ይህ ነው።

የጋዙ ሦስተኛ ሥራ በ2003 ወጣ። የሚላኑ ቡድን፣ ኤሚሊዮ ክሌሜንቲንና ከናይትሪክ ኦክሳይድ አግኚዎች አንዱን ሞንካዳን ጨምሮ፣ በቡናማ ስብ ሴሎች ላይ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ለቀናት ለቀቀ። ሴሎቹ አዳዲስ ማይቶኮንድሪያ አበቀሉ። መልእክቱ የሄደበትን ጎዳና ሲከተሉ ሙራድ ያገኘውን ሳይክሊክ ጂኤምፒ አገኙ፤ ከእርሱም በኋላ በ1998 በቦስተን የብሩስ ስፒገልማን ቡድን ከቡናማ ስብ ያወጣውን ፒጂሲ-1 አልፋ የተባለውን የማይቶኮንድሪያ ግንባታ አዛዥ።

ከዚያ የደም ሥሩ ሽፋን ኢንዛይም በዘር የሌላቸውን አይጦች ወሰዱ። ጤነኛ አይጥ ብርድ ውስጥ ሲኖር ቡናማ ስቡ በማይቶኮንድሪያ ይሞላል። በነዚህ ግን ያ ግንባታ በእጅጉ ቀነሰ። የሚያወጡት ኃይል አነስተኛ ነበር፤ ክብደታቸውም ፈጥኖ ጨመረ። አንድ ጋዝ የጎደለው ገላ ምድጃውን መገንባት አቃተው። በ2009 በጀርመን ቦን የአሌክሳንደር ፕፋይፈር ቡድን ከሳይክሊክ ጂኤምፒ ቀጥሎ ያለውን ኢንዛይም አውጥቶ ቡናማ የስብ ሴል ያለ እርሱ በወጉ እንደማያድግ አሳየ፤ ሰንሰለቱም ተሟላ።

ከ2009 እስከ 2021፦ በአንገት ውስጥ የበራው

ይህ ሁሉ ሲሆን መማሪያ መጻሕፍት ቡናማ ስብ ከሕፃንነት በኋላ እንደሚጠፋ ያስተምሩ ነበር። ስሕተታቸው የተገለጠው በካንሰር መመርመሪያ ማሽን ፊት ነው። ካንሰር ስኳር ይወዳልና ሐኪሞች ለሕመምተኛው ጨረር ያለው ስኳር ወግተው የት እንደሚጠራቀም በፔት መሣሪያ ይመለከታሉ። በአንዳንድ ሰዎች ግን ካንሰር በሌለበት በአንገትና ከአንገት ሥር ባሉት አጥንቶች በላይ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ብርሃን ይወጣ ነበር። ለዓመታት እንደ እንከን ተቆጠረ። ጌስነር ያየው ዕጢ፣ ፕሪስትሊ ያገኘው ጋዝ፣ የፈርችጎት የተፋለሰ ሙከራ የደረሰባቸው ነገር እንደገና ተደገመ።

በሚያዝያ 2009 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ከቦስተን፣ ከሆላንዷ ማስትሪክትና ከፊንላንዷ ቱርኩ የመጡ ሦስት ጥናቶችን በአንድነት አወጣ። ሦስቱም ብርሃኑ በአዋቂ ሰው የሚሠራ ቡናማ ስብ መሆኑን መሰከሩ። በማስትሪክት 24 ወንዶች በ16 ዲግሪ ክፍል ሲቆዩ በ23ቱ ላይ በራ። የቱርኩ ተመራማሪዎች በኋላ የደሙን ጉዞ ሲለኩ በብርድ ጊዜ ወደ ሰው ቡናማ ስብ የሚሄደው ደም በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አገኙ። የኦታዋው ቆጠራ ከ30 ዓመት በኋላ በሰው ላይ ደረሰ።

በ2021 ከኒው ዮርክ የወጣ ጥናት የ52,487 ሕመምተኞችን ምስል መረመረ። የሚታይ ቡናማ ስብ ካላቸው መካከል 2ኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ከመቶ 4.6 ሲሆኑ ከሌላቸው መካከል ከመቶ 9.5 ነበሩ። ቁጥሩ ምክንያትና ውጤትን ባያረጋግጥም ጉዳዩ የክብደት ብቻ እንዳልሆነ ይጠቁማል። በካምብሪጅ የተደረገ ጥናትም እንደ ቀይ ሥር ባሉ አትክልቶች የሚገኘው ናይትሬት በአይጦች ገላ ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ ተለውጦ ነጩን ስብ ወደ ቡናማነት እንደሚያቀርበው አሳይቷል። ከዚህ ተነሥቶ ቀይ ሥር ያከሳል ማለት ግን አይጥን ሰው ማድረግ ነው።

ልኩ መጠበቅ እንዳለበትም በ2021 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ታየ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲበዛ በሴሉ ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈውን የሚያጸዳው ኢንዛይም ከአይጦች ቡናማ ስብ ሲወገድ ምድጃው ደከመ። መንገድ ጠራጊው ራሱ ጠራጊ ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው በየማስታወቂያው “ናይትሪክ ኦክሳይድ ያበዛል” የሚሉ እንክብሎችን አይቼ የማልዘናጋው፤ ይህ ሁሉ ታሪክ የሚያስተምረው ስለ ብዛት ሳይሆን ስለ ልክ ነው።

በካንሰር መመርመሪያ ክፍሎች ዛሬም ሕመምተኛው ከምስሉ በፊት ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል፤ ብርድ ልብስም ይደረብለታል። ቆዳው ሲሞቅ ነርቩ ዝም ይላል፤ ኖርአድሬናሊን አይረጭም፤ የደም ሥሩ ሽፋንም መንገዱን እንዲያሰፋ አይታዘዝም። ደሙ አይጎርፍም፤ የግድቡ በር እንደተዘጋ ይቆያል። በምስሉም ላይ አንገቱ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ብርድ ልብሱ በተነሣ ጊዜ ግን ሰንሰለቱ ከነርቩ እስከ ማይቶኮንድሪያው ድረስ ይነቃነቃል፤ ጌስነር በማርሞት ትከሻ መካከል አይቶ ምን እንደሆነ ያላወቀው ነገር በሰውየው አንገት ውስጥ መሞቅ ይጀምራል።